እንጨት መሰል ወለል ለወታደር ቤት

የቤት እመቤት ከዕቁብ ያጠራቀመችው ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን፣ ወለል ከመግዛታችን በፊት ካርቱምን እንመልከት። በዚያ ከተማ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ «ሀቡብ» የተባለው የአቧራ ማዕበልም በየቀዳዳው ይገባል። ከጫማ ሥር የሚቀር አሸዋ ወለሉን እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ከኤሲ 4 ያላነሰ የጥንካሬ ደረጃ መጻፉን እናረጋግጥ። ላሚኔት ከታመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ በመሆኑ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ እንግዲህ በተጨመቀ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በባልዲ አይታጠብ። በእርጥበትና በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይጎብጥም ከየግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ያለ ሙጫ የተጋጠመው ደግሞ፣ የዝውውር ትእዛዝ በመጣ ጊዜ፣ በጥንቃቄ ተነቅሎ ከቤተሰቡ ጋር ይጓዛል።