«ውሃ የለም» በፖላንድኛ፤ ስለ ሰዋስው ክፍለ ጊዜያችን



ሰሞኑን በወላጆች መካከል ክርክር ያስነሣ አንድ ጉዳይ አለ። የአማርኛ ሰዋስው ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ሰዓቱ ለእንግሊዝኛ ይሰጥ የሚሉ አሉ። «ልጆቻችን ነገ የት እንደሚደርሱ አናውቅም፤ የትም ቢደርሱ ግን ባለቤትና ተሳቢ ለይቶ ማወቅ እንጀራ አይሆናቸውም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ለልጆቻቸው ከማሰብ የተነሣ ስለሆነ ሐሳባቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። ያልተስማማሁበትንም ምክንያት ማናችሁም ባልጠበቃችሁት ቋንቋ፣ በፖላንድኛ ላስረዳ።

ፖላንድኛን የመረጥኩት ከመካከላችን ወደዚያች አገር ለመሄድ የሚያስብ ሊኖር ስለሚችል ብቻ አይደለም። ከባድ ነው እየተባለ የሚፈራ ቋንቋ ስለሆነም ነው። በፖላንድኛ አንድ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚሠራው ሥራ ሰባት ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። ነጠላና ብዙ ሲታሰብ ዐሥራ አራት ሣጥን ያለው ሠንጠረዥ ይወጣዋል። ይህን ሠንጠረዥ እንደ ማባዣ ሰሌዳ ሸምድዶ ቋንቋውን እናገራለሁ ብሎ የተነሣ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ሠንጠረዡን ትተን በየቀኑ ከምንጠራት አንዲት ቃል እንነሣ፤ ከውሃ።

ውሃ በፖላንድኛ «ቮዳ» ነው። «ይህ ውሃ ነው» ለማለት «ቶ ዬስት ቮዳ» ይባላል። «ውሃ እጠጣለሁ» ሲሆን ግን «ፒዬ ቮዴ» ነው። ቮዳ ተሳቢ ስትሆን ቮዴ ሆነች ማለት ነው። «በውሃ» ታጠብኩ ሲባል «ቮዶን» ትሆናለች። «ውሃ ውስጥ» ሲባል ደግሞ «ቭ ቮጄ»። በመጨረሻም ቧንቧው ሲደርቅ «ውሃ የለም» ለማለት «ኒዬ ማ ቮድ» ይባላል፤ የመጨረሻዋ «ድ» «ድንጋይ» በሚለው ቃል መጀመሪያ እንዳለችው ሳትዋጥ ትነበባለች።

አሁን የእኛን ተመልከቱ። ውሃ፣ ውሃውን፣ የውሃ፣ በውሃ፣ ለውሃ፣ ከውሃ። እኛም እኮ ስማችንን እንደ ሥራው መልክ እንለውጣለን። ልዩነቱ እኛ አብዛኛውን ምልክት ከፊት ስናስቀድም ፖላንዶች ከኋላ መቀጠላቸው ነው። «ን» ብቻ ናት ከኋላ የምትመጣልን። የአማርኛ ተማሪ «ውሻው ድመቱን ያሳድዳል» እና «ድመቱን ውሻው ያሳድዳል» የሚሉት ሁለቱ አንድ ነገር እንደሆኑ ያውቃል፤ አሳዳጁን የምትነግረው የቃላቱ ተራ ሳትሆን «ን» ናትና። በፖላንድኛም «ፕዬስ ጎኒ ኮታ» ብትሉ «ኮታ ጎኒ ፕዬስ» ብትሉ አሳዳጁ ውሻው ነው፤ ድመት «ኮት» የነበረው «ኮታ» መሆኑ ተሳቢነቱን ይናገራል። በእንግሊዝኛ የቃላቱን ተራ ብታገላብጡ ድመቱ አሳዳጅ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ለፖላንድኛ የሚቀርበው አማርኛችን እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። ይህን የሚያስተውለው ግን «ን» ምን እንደምትሠራ በአማርኛ ክፍል የተማረ ልጅ ነው።

«ውሃ የለም» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ «ውሃ አለኝ» ብለን «ውሃ የለኝም» ስንል የሚለወጠው ግሡ ነው፤ ውሃ እንደነበረ ይቀመጣል። በፖላንድኛ «ማም ቮዴ» ያለው ሰው ውሃው ሲያልቅበት «ኒዬ ማም ቮድ» ይላል። ግሡ «ኒዬ» የምትል አፍራሽ ቃል ከፊቱ ተጨመረችበት እንጂ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። መልኩም «የውሃ» ለማለት የሚያገለግለው ነው። በሠንጠረዥ ብቻ ያጠና ይህን መቼ እንደሚጠቀምበት አይገባውም። ባልዲ ይዞ ተሰልፎ በዓረፍተ ነገር የሰማው ግን አይረሳውም።

ቮዳ «ቮጄ» ስትሆን «ድ» ወደ «ጅ» መለወጧ ያስገረማችሁ ካላችሁ ለወንድ ልጅ «ሂድ»፣ ለሴት ልጅ «ሂጂ» የምንለው እኛው ነን። «ክፈት» ደግሞ «ክፈቺ» ይሆናል። ፖላንዶችም «ብራት» የሚሉትን ወንድም ሲጠሩት «ብራቼ!» ይላሉ። ለመጥራት ብቻ የሚያገለግል መልክ አላቸውና። በዚሁ መልክ እናታቸውን «ማማ» ብለው ሲያወሩላት ቆይተው ሲጠሯት «ማሞ!» ይሏታል፤ በመካከላችን ማሞ የሚባሉ ልጆች ዋርሶ ቢሄዱ በየመንገዱ ዘወር ሲሉ መዋላቸው ነው።

ግሡም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። «እጠጣለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ «ፒዬ» ያለም ተናጋሪው ራሱ እንደሆነ ግሡ ይናገርለታል። በኃላፊ ጊዜ ጾታም ይለያል። እኛ «ጻፍክ»፣ «ጻፍሽ» እንላለን፤ «ጻፍኩ» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እነርሱ እዚህም ላይ ይለያሉ፤ ወንዱ «ፒሳዌም»፣ ሴቷ «ፒሳዋም» ትላለች። ከዚህ የሚከብደው ሥራው ማለቁንና አለማለቁን የሚለየው ነው። «ፒሳዌም ፖዳኒዬ» ማለት ማመልከቻ እጽፍ ነበር ነው፤ ልጨርሰው አልጨርሰው አልተናገርኩም። «ናፒሳዌም ፖዳኒዬ» ካልኩ ጽፌ ጨርሻለሁ። በቢሮ መስኮት ፊት የቆመ ሰው በዚህች በ«ና» ምክንያት ጉዳዩ ሊንጓተትበት ይችላል። «እጽፍ ነበር» እና «ጽፌያለሁ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ቋንቋ ያላስተዋለ ልጅ በሰው ቋንቋ ከየት ያመጣዋል?

አክብሮትም አለ። ለማያውቁት ታላቅ ሰው «ማሽ ቮዴ?» ማለት «ውሃ አለህ?» እንደማለት ነው። «ች ፓን ማ ቮዴ?» ሲባል ነው «ውሃ አለዎት?» የሚሆነው፤ ለሴት «ፓኒ» ይባላል።

ፖላንድን ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከምሥራቅ ፖላንድ በ1940 እና በ1941 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሶቪየት ኅብረት በግዞት ከተወሰዱት ሰዎች ብዙ ሺዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ ከ1942 ጀምሮ በኢራን በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው በካምፕ ኖረዋል። በታንጋኒካ ቴንጌሩ፣ በዩጋንዳ ማሲንዲና ኮጃ ከካምፖቹ የሚጠቀሱ ናቸው። ቴንጌሩ ብቻ ወደ 5,000 ሰው ነበረባት። በዚያ ወላጆችና መምህራን ለልጆቻቸው በፖላንድኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ነገ የት እንደሚደርሱ እነርሱም አያውቁም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ነው። ቢሆንም የራሳቸውን ሰዋስው ከሰሌዳ አላወረዱም። በዚያው በፖላንድ ደግሞ እስቴፋን ስትሬልትሲን የተባሉት ምሁር በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትን መሠረቱ። ዮአና ማንቴል-ኒዬችኮ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ስለ አማርኛ ግሥ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዋርሶ ላይ ሰው የአማርኛን ግሥ ሲያጠና እኛ ከክፍላችን እናስወጣው ማለታችን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወላጆች ትክክል የሆኑበት ነገር ግን አለ። ሰዋስው አሁን በምናስተምርበት መንገድ አሰልቺ ነው። ልጁ «ስም ማለት» ብሎ ትርጉሙን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ይህ ከፖላንድኛው ባለ ዐሥራ አራት ሣጥን ሠንጠረዥ አይሻልም። ተማሪዎች ከቧንቧው፣ ከወፍጮ ቤቱና ከክሊኒኩ የሰሙትን አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይምጡ። «ን» የት እንደገባች፣ ለምን እንደቀረች፣ ግሡ ማንን እንደሚናገር በክፍል ይከራከሩበት። የእንግሊዝኛው መምህርም እነዚያኑ ዓረፍተ ነገሮች ቢወስዱ ሁለቱ ክፍለ ጊዜያት ይረዳዳሉ እንጂ አይሻሙም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የእኔ ድምፅ ክፍለ ጊዜው ይቆይ፣ አስተማመሩ ይለወጥ የሚል ነው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ለሚመጣው እትም ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊዎች ስጡልን።