ስፓኒሽን በአማርኛ ማስረዳት ይገባል
ለንፋስ ስልክ ላፍቶ የስፓኒሽ ቋንቋ መምህራን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሣር ቤት እስከ ለቡና ጀሞ፣ በማሠልጠኛ ክፍልም ሆነ ቤት ለቤት ስፓኒሽ ለሚያስተምሩ መምህራን፤

ይህ ደብዳቤ የሚተቸው የመምህራኑን ትጋትና ችሎታ ሳይሆን አንድ ሥር የሰደደ አሠራርን፣ ማለትም አፉን በአማርኛ ለፈታ ተማሪ የስፓኒሽን ሰዋስው በእንግሊዝኛ አማካይነት ማስተማርን ነው። በዚህ አሠራር የግሥ ርባታ ሰንጠረዥ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከተዘጋጀ መጽሐፍ ተገልብጦ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል፤ ተማሪውም ቅርጹን በቃሉ ይዞ፣ መቼና ለማን እንደሚነገር ሳያውቅ ይቀራል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው «ፖዴር»፣ ማለትም «መቻል» የተባለው ዘወትር የሚነገር ግሥ «ፖድሪያ» ሆኖ ሲረባ ነው።

«ፖድሪያ» የድርጊቱን መፈጸም በሌላ ሁኔታ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ በስፓኒሽ ሰዋስው «ኮንዲሲዮናል» የሚባለው ቅርጽ ነው። ቅርጹ የተገነባው ከግሡ አርእስት፣ ማለትም በባለቤትና በጊዜ ሳይወሰን ከሚጠራበት መልኩ፣ እና «አቤር» ከተባለው ረዳት ግሥ የኃላፊ ጊዜ መልክ ከ«አቢያ» ሲሆን፣ በዘመናት ሂደት ሁለቱ ተዋሕደው ከ«አቢያ» የቀረው «ኢያ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ኮምፕራር» (መግዛት) «ኮምፕራሪያ» ሲሆን፣ «ፖዴር» አንድ አናባቢ ጥሎ «ፖድሪያ»፣ «ቴኔር» (መያዝ፣ መኖር) ደግሞ አናባቢውን በ«ድ» ተክቶ «ቴንድሪያ» ይሆናል። አማርኛም «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» ሲል፣ ያልተፈጸመውን ድርጊት የሚገልጸው ኃላፊ ጊዜን በሚያመለክተው «ነበር» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና ሳይኖራቸው ለአንድ አሳብ ተመሳሳይ መንገድ መርጠዋል፤ ይህን ያስተዋለ ተማሪ ሰንጠረዡን ከመሸምደዱ በፊት ምክንያቱን ይረዳል።

የአክብሮት አነጋገር የአማርኛን ጠቀሜታ ከዚህ ይበልጥ ያሳያል። ስፓኒሽ ተናጋሪ የሚያከብረውን ሰው «ፖድሪያ አዩዳርሜ?» (ሊረዱኝ ይችላሉ?) ብሎ ሲጠይቅ፣ አነጋገሩ «ኡስቴድ» የተባለውን፣ እንደ «እርስዎ» ያለ የአክብሮት ተውላጠ ስም የተከተለ ነው፤ ግሡም በሁለተኛ መደብ ሳይሆን በሦስተኛ መደብ ነጠላ ይረባል። የዘመኑ እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ይህን ልዩነት በተውላጠ ስሙ ማሳየት አይችልም። የአማርኛ ተናጋሪ ግን «እርስዎ ይችላሉ» እና «እነሱ ይችላሉ» በአንድ ቅርጽ እንደሚረቡ ከልጅነቱ ስለሚያውቅ፣ አክብሮት የሦስተኛ መደብን ርባታ መዋሱ አያስደንቀውም። «እባክዎ ቢረዱኝ» የሚለው ልመናም፣ ትእዛዝን በሁኔታ ቋጥሮ ማለዘብ ምን እንደሆነ አስቀድሞ አስተምሮታል።

ይህ ማለት ግን አማርኛ ሁሉን ያቀናል ማለት አይደለም፤ ንጽጽሩ የሚያስፈልገው ተማሪው የሚሳሳትበትን ቦታ አስቀድሞ ለማወቅም ነው። «ይችል ነበር» የሚለው አማርኛ፣ እንደ እንግሊዝኛው «ኩድ» ሁሉ፣ የቀድሞ ችሎታንም የታሰበ ዕድልንም ስለሚገልጽ፣ ተማሪው «ፖዲያ» (ድሮ ይችል ነበር) እና «ፖድሪያ» (ቢሆንለት ይችል ነበር) የሚሉትን ቅርጾች እንዳይቀላቅል ሊጠነቀቅ ይገባዋል። እንዲሁም አማርኛ «እንደሚመጣ ተናገረ» ብሎ የመምጣቱን ግሥ በኃላፊ ጊዜ ሳያስቀምጥ ሲተወው፣ ስፓኒሽ «ዲሆ ኬ ቤንድሪያ» በማለት ኮንዲሲዮናልን ይጠቀማል። በግምት አነጋገርም «ሴሪያን ላስ ትሬስ» የሚለው «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም ነበር» እንደማለት ነው። «ቢኖረኝ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በስፓኒሽ «ሲ ቱቢዬራ» እንጂ «ሲ ቴንድሪያ» ስለማይባል፣ «ቢ» ያለበት ሐረግና «ነበር» የሚዘጋው ዐረፍተ ነገር የየራሳቸው ቅርጽ እንዳላቸው መገለጽ አለበት።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ከሣር ቤት ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ስፓኒሽን ከቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሏል፤ ከአባል አገሮቹም የኢኳቶሪያል ጊኒ ከመንግሥት ቋንቋዎቿ አንዱ ስፓኒሽ ነው። ከኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ካጡት መካከል ብዙ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው ኢስላ ደ ላ ሁቤንቱድ በተባለችው ደሴት ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። እነዚህ ኢትዮጵያውያን ስፓኒሽን ያወቁት አብረው ኖረውበት፣ ተጫውተውበትና ተምረውበት ነው። ዛሬ በአገራቸው ያሉት ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቁ ሀብት ናቸውና፣ ማስተማሪያ ሲዘጋጅ ሊጠየቁ ይገባል።

ስለዚህ መምህራኑ ሦስት ነገሮችን እንዲያደርጉ በአክብሮት ይጠየቃሉ፦ እያንዳንዱን ቅርጽ በአማርኛ አቻው እንዲያስረዱና ልዩነቱን በግልጽ እንዲያመለክቱ፤ ተማሪው ርባታውን ከመሸምደዱ በፊት በሱቅ፣ በቢሮና በእንግዳ አቀባበል የሚነገሩ ዐረፍተ ነገሮችን እንዲሰማና እንዲመልስ እንዲያደርጉ፤ በፈተናም የሰንጠረዥ ማሟላትን ቀንሰው፣ ለታላቅና ለእኩያ የሚቀርብ ልመናን አስተካክሎ መናገርን እንዲመዝኑ። ይህ አዲስ መጽሐፍ መግዛትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መምህሩና ተማሪው በጋራ የሚያውቁትን ቋንቋ ከክፍሉ አለማስወጣትን ነው።