ካሜራው የት ቆሞ ነው?

ብዙ ሰው የቴሌቪዥን ድራማን ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል። «ፊልም ደግሞ ምኑ ይጠናል? አይቶ መሳቅ ወይም ማልቀስ ነው እንጂ» የሚሉ ጓደኞችም አሉን። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም። ማንበብ የሚችል ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ሐሳብ ይመረምራል። ፊልም የሚያይም ሰው እንደዚሁ ምስሉ እንዴት እንደ ተሠራ ሊጠይቅ ይገባዋል። በተለይ ነገ ክፍል የምንገባ እጩ መምህራን ይህን ሳናውቅ ብንቀር ጉዳቱ ለተማሪዎቻችን ይተርፋል።

እንደሚታወቀው በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ። በስልክ የሚያዩት ተከታታይ ፊልም ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ ቋንቋ ነው። ታዲያ ንግግሩ ሳይገባቸው ታሪኩን እንዴት ይከተሉታል? ምስል የራሱ ሰዋስው ስላለው ነው። ካሜራው የሚቆምበት ቦታ፣ የብርሃኑ መጠን፣ የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት፣ አንዱ ምስል ተቆርጦ ሌላው የሚቀጠልበት ቅጽበት፣ ሁሉም ይናገራሉ።

ለምሳሌ ያህል «ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በ8 ምዕራፎችና በ73 ክፍሎች የቀረበ፣ ነገሥታትና ዘንዶዎች ያሉበት፣ የመካከለኛውን ዘመን አውሮጳ የሚመስል የፈጠራ ዓለም ነው። በ2016 በታየው የ6ኛው ምዕራፍ 9ኛ ክፍል ሚጌል ሳፖችኒክ የተባለው ዳይሬክተር አንድ ትልቅ ጦርነት አሳይቷል። ለዚሁ ጦርነት 500 ያህል አጃቢ ተዋንያንና 70 ያህል ፈረሶች ተሰልፈው ቀረጻው 25 ቀን ፈጅቷል።

ቁም ነገሩ ግን ብዛቱ አይደለም። ጆን ስኖው የተባለው ባለታሪክ ሰይፉን መዝዞ ለብቻው ሲቆም ካሜራው ከጀርባው ሆኖ እየጋለበ የሚመጣውን ፈረሰኛ ያሳየናል። እኛም ሳናውቀው ከእሱ ጎን ቆምን ማለት ነው። ውጊያው ሲጀመር ምስሉ ቶሎ ቶሎ አይቆረጥም፤ ካሜራው በሰው ቁመት ሆኖ ጭቃ ለጭቃ ይከተለዋል። በኋላም ሰውዬው በሰው ክምር ሥር ሲረገጥ የውጊያው ጩኸት ይታፈንና ትንፋሹ ጎልቶ ይሰማል። ጦርነት ፉከራ ብቻ ሳይሆን መታፈንም መሆኑን ያለ አንድ ቃል ነገረን።

«ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ወደ አገራችን ሰው ይመልከት። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የተቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ የተጫወቱትም ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ፈረስም ዘንዶም አላሰለፈም። ካሜራው ግን ገበሬው ሲለፋ አይቸኩልም፤ ቆሞ ያያል። ተመልካቹም የድካሙን ርዝመት በራሱ ትዕግሥት ይለካዋል። ዘዴ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ለሲኒማ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢያችን ግጭትና ጦርነት አይቷል። የምናስተምራቸው ልጆች ተኩስን በፊልም ብቻ የሚያውቁ አይደሉም። ዛሬም በየስልኩ ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈ፣ ሙዚቃ የተጨመረበት አጭር ምስል ይዞራል። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት። ሁለት ሰዎች በግመል ዋጋ ሲጯጯሁ ብቻ ቀርጾ፣ ተስማምተው ሲመራረቁ ያለውን ቆርጦ የጣለ ሰው ያን ሰፊ ገበያ የጠብ ሜዳ ሊያስመስለው ይችላል። ያሳየው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የቆረጠው ግን እውነቱን ይዞ ሄዷል። ካሜራው የት ቆሞ ነው? ከፊቱ ምን ነበረ? ከኋላው ምን ተቆረጠ? ሙዚቃውን ማን ጨመረው? ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ እንዲህ ባለ ምስል በቀላሉ አይነዳም።

አንዳንድ መምህራን «እንዲህ ያለ ድራማ ለልጅ የማይገባ ነገር አለበት» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ደምና ነውር የበዛበት ስለሆነ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይታይ አንልም። እኛ እጩ መምህራን ግን የተመረጠች የአምስት ደቂቃ ቁራጭ ወስደን፣ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተን፣ ቀጥሎም ድምፁን ከፍተን ብናይና ብንወያይ ምን ይጎድልብናል? ለልጆቹ ደግሞ ስልክም ቴሌቪዥንም አያስፈልግም። መሐሉ የተቆረጠ ካርቶን ይዘው አንዱ ከዛፍ ሥር፣ ሌላው ከደረጃ ላይ ሆኖ ያንኑ የትምህርት ቤት ግቢ ይመልከቱ፤ ያዩትንም ይሣሉ። ሁለቱ ሥዕሎች ለምን እንደ ተለያዩ ሲከራከሩ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የትርፍ ሰዓት ለፊልም ውይይት እንዲመደብ ሐሳብ እናቀርባለን። የሚቃወመን ካለም መልሱን ጽፎ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን፤ በደስታ እናነበዋለን።