ጫቱ በሰዓታት ይደርሳል፤ ማንጎውስ?

አወዳይ ላይ የተጫነ ጫት ጅግጅጋን አልፎ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሃርጌሳ የሚደርሰው ሳይጠወልግ ነው። ተአምር የለውም፤ ቆራጩም ሾፌሩም ተረካቢውም ሰዓት ያከብራሉ። ስለዚህ ከጅግጅጋ ተነስቶ በበርበራ ወደብ ወደ ዓረብ አገራት ፍራፍሬ መላክ ቅዠት አይደለም። ከቶጎ ውጫሌ በርበራ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደቡም ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል አለው።

ፈተናው ያለው ቅዝቃዜውና ወረቀቱ ላይ ነው። ማንጎ ማቀዝቀዣ ካላገኘ መንገድ ላይ ይበስላል። የፍራፍሬ ዝንብ ከተገኘበት ደግሞ ጭነቱ ከወደብ ይመለሳል።

አርብቶ አደሩ ይህን በከብቱ አይቶታል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳቢያ ሳውዲ አረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ አገደች። ዕገዳው እስከ 2009 ቆየ። መንጋው ጤነኛ የሆነውም አብሮ ከሰረ።

እናም ገበሬውን «ትከል፣ ገበያ አለ» ከማለት በፊት ጅግጅጋ ላይ ቀዝቃዛ መጋዘንና የታመነ የዕፅዋት ጤና ምርመራ ይቅደም። የማንጎ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። አንድ ተመላሽ ኮንቴይነር ግን የዓመታቱን ልፋት በአንድ ቀን ገደል ይከተዋል። ያን ጊዜ ዕዳውን የሚሸከመው ዕቅዱን ያወጣው ቢሮ ነው ወይስ ገበሬው?