የዕርዳታ ኮታ ለምትደለድሉ ኃላፊዎች

ለክልልና ለፌዴራል የምግብ ዋስትና ኃላፊዎች፤

ከደብረ ብርሃን የምጽፍላችሁ በሴፍቲኔት ማን ታቀፈ፣ ማንስ ቀረ በሚለው ጉዳይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ወረዳዎች የተመረጡት ቀደም ባሉት ዓመታት ዕርዳታ መቀበላቸው ታይቶ ነበር። ተረጂ የነበረው ገባ፤ ክፉውን ቀን በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ያለፈው ውጭ ቀረ። ነገሩ የቆየ ነው። ዳንኤል ክሌይ፣ ዳንኤል ሞላና ደበበ ሀብተወልድ በ1991 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ የዕርዳታ እህል ከችግሩ ክብደት ይልቅ ቀድሞ የተዘረጋውን የዕርዳታ መስመር ተከትሎ እንደሚሄድ አሳይተዋል።

አንኮበርን እዩ። የደጋው ገበሬ የበልግ ገብሱን በየካቲት ይዘራል። ዝናቡ ከቀረ ሰኔ ላይ የሚያጭደው የለውም፤ የክረምቱን ሰብል ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። ውርጭ የመታው ገብስ ከመንገድ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ዛላውን በመዳፉ ያሸ ሰው ግን እብቅ ብቻ ነው የሚያገኘው። ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ዝናቡም እህሉም ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ የወረዳ አኃዝ ሲጠቃለሉ የደጋው ማጣት በቆላው ማግኘት ይሸፈናል።

ከተማችንም እንዲሁ ናት። የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የታቀፈችው ደሴ ብቻ ነበረች። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች መብዛት የቀን ሠራተኛውን ጓዳ አልሞላም፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚህ የተጠለለው ወገንም አለ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቀበሌ ላይ የሚሆነው ነው። ኮታው ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል። ኮሚቴው ለማብቃቃት ሲል ከሰባት ነፍስ ቤተሰብ አራቱን ይመዘግባል፤ የአራቱ ድርሻ ግን ለሰባት ይበላል። ሌላ ቤት ጭራሽ ይዘለላል። የተዘለለው ሰው የሚቀየመው ስሙን ያልጻፈውን ጎረቤቱን ነው፤ ኮታውን የቆረጣችሁት እናንተ መሆናችሁን አያውቅም።

ከዋግ ኽምራ ወይም ከሰሜን ወሎ ቀንሳችሁ ስጡን አልልም። እነሱም አልጠገቡም።

የሚቀጥለውን ኮታ ከመፈረማችሁ በፊት በግንቦት፣ የበልጉ ገብስ ሳይታጨድ፣ የአንኮበርን ደጋ በእግራችሁ እዩት። ችግሩን ቀበሌ በቀበሌ መዝኑ። ከተመዘገቡት ጋር የተዘለሉትንም ስም ዝርዝር አስቀርቡና እሱን አንብባችሁ ፈርሙ።