የገበያው ቀረጥ የት ይገባል? የካርቲየ 5 ጎርፍና የቡላኦስ ምክር ቤት

አረፋ ሲቃረብ ካርቲየ 5 ውስጥ በግና ፍየል ያልታሰረበት ጥግ ማግኘት ይከብዳል። በሌላው ጊዜ ግን ሰፈሩ ከከብቱ ይልቅ የነጋዴው ነው። ከባቲ የሰኞ ገበያ ተነስቶ በሚሌና በጋላፊ ያለፈ፣ ወይም ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል የገባ ነጋዴ መንጋውን ዳመርጆግ ማቆያ ካስረከበ በኋላ ሻይ፣ አልጋና ወሬ ፍለጋ የሚመጣው ወደ ከተማው አሮጌ ሰፈሮች ነው።

ዝናብ ከጣለ ግን ሻዩም አልጋውም ውኃ ላይ ነው። እነዚህ አሮጌ ካርቲየዎች ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ አይሉም፤ ውኃው መሄጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ሲወርድ ከተማው ምን እንደሆነ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ውኃው ከጎደለ በኋላ በየደጁ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቦዩን ማጽዳት የማን ሥራ ነው?

መልሱ ነጋዴውን ሊያስገርም ይችላል። ጅቡቲ ያልተማከለ አስተዳደር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በ2005 የዋና ከተማዋ አቋም በሕግ ተወስኖ ከተማዋ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሙኖች ተከፈለች፤ በ2006 የመጀመሪያዎቹ ምክር ቤቶች ተመረጡ። ካርቲየ 5 የቡላኦስ ነው። ስለዚህ አቤቱታ ያለው ሰው ወደ ቡላኦስ ምክር ቤት ይሄዳል፣ ተመራጮቹም ይሰሙታል። የመጠጥ ውኃውና የፍሳሹ መስመር ግን ኦኔያድ በሚባለው ብሔራዊ ድርጅት እጅ ነው። ምክር ቤቱ አቤቱታውን ይሰማል፣ ቧንቧው ግን የእሱ አይደለም።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ትልልቁ ገቢ፣ ወደቡም ሆነ በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት የሚያስገኘው ቀረጥ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ነው። ኮሙኑ የሚኖረው በአብዛኛው ከላይ በሚሰጠው ገንዘብ ነው። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተመራጮች ስለ በጀት ሲወያዩ ክርክሩ ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ልመና ይሆናል፤ ዘንድሮ ስንት ይለቀቅልን፣ መቼ ይለቀቅልን ነው። ይህን ለተመራጮቹ ስንፍና ብሎ መውሰድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከድንበሩ ወዲህ ያለውም ወረዳ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ከብት ገበያ በር ላይ በራስ የሚሰበሰበው ክፍያ ወረዳው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ እጅ ከሚያገኛቸው ጥቂት ገንዘቦች አንዱ ነው። ነጋዴውም የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። ደረሰኙን ይዞ ወደ በረቱ ሲገባ ገንዳው ደርቆ፣ አጥሩ ወድቆ፣ ጥላ የሚባል ነገር ጠፍቶ ያገኘዋል። የከፈለው ብር ወደ ጋራው ቋት ገብቶ ደመወዝ ሆኗል።

ታዲያ ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይደለም። በሞያሌ በኩል የሚነግዱት አንድ ነገር ሳያዩ አልቀሩም። የኬንያ ሕገ መንግሥት ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲደርስ ያዛል፤ ካውንቲዎቹም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ለከብት ነጋዴ የሚበልጠው ግን በሰሜን ኬንያ የተለመደው አሠራር ነው። እንደ ማርሳቢት ባሉ ካውንቲዎች አንዳንድ የከብት ገበያዎችን አስተዳደሩና የገበያው ማኅበር በጋራ ያስተዳድሯቸዋል፤ ከቀረጡም የተወሰነው ድርሻ ለማኅበሩ ተመልሶ የገበያው መጠገኛ ይሆናል። ነጋዴ ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ ሲያይ ለመክፈል አያንገራግርም፤ ከበር ዘሎ የሚገባውን ሰው ለመከልከልም የመጀመሪያው እሱ ራሱ ይሆናል።

የቡላኦስ ምክር ቤትም ሆነ የድንበር ወረዳዎቹ ከዚህ ቢጀምሩ ይቀላል። ገበያ ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ገበያው በር ላይ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ይለጠፍ። ከእሱም የታወቀ ድርሻ ለውኃ ገንዳ፣ ለጥላና ለቦይ ጠረጋ ይመደብ። ይህን ለማድረግ ወደቡን ለኮሙን መስጠት አያስፈልግም። በካርቲየ 5 የአረፋ ሰሞን የበግ ሽያጭ ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ቦታው የታወቀ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው እበትና ቆሻሻም ለሁሉም ይታያል።

ነጋዴውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በኬላ ሳይሆን በጎን የሚያልፍ፣ አምስት ከብት አስመዝግቦ አሥራ አምስት የሚነዳ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል ቅናሽ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ደረሰኝ የሌለው ሰው ደግሞ ስለ ገንዘቡ የመጠየቅ አፍ የለውም። ከኢትዮጵያ የሄደ ነጋዴ በጅቡቲ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ በተመራጮቹ ፊት ቆሞ ሊያሳየው የሚችለው ነገር ያ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሄድም አይሰማም፤ የዓመት ደረሰኙን አጠራቅሞ የሚያቀርብ ማኅበር ግን ለበጀት ያዥ ቁጥር ይዞ ነው የሚቀርበው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የጅቡቲ በጀት ዓመት ጃንዋሪ 1 ይጀምራል፣ የኢትዮጵያው ሐምሌ 1። ማኅበራቱ ቡላኦስን መጠየቅ ያለባቸው ከጥቅምት ሳያልፉ፣ ወረዳዎቹን ደግሞ ገና በመጋቢት ነው። እስካሁን የተለመደው ግን ቦዩ ሞልቶ ሰፈሩ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ በጀቱም ተዘግቶ ካለቀ በኋላ፣ ማመልከቻ ይዞ መሮጥ ነው።