ዘማቹ ተመልሷል፤ ጦርነቱስ?



ዘማች ሲመለስ እልልታው ይቀልጣል፤ ችግሩ የሚመጣው እልልታው ካበቃ በኋላ ነው። እግሩን ያጣውን ሁሉም አይቶ ያዝንለታል። አካሉ ደኅና ሆኖ ሌሊት እየጮኸ የሚባንነው፣ በር ሲላተም ብድግ የሚለው፣ ከሰው ተነጥሎ ጠላ ቤት የሚውለው ግን «ጠባዩ ተበላሽቷል» ይባላል።

ይህ የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 በሕመሞች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። ወዲያው ላይታይ፣ ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። በምክርና በመድኃኒት ይታከማል፤ ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

አገራችን ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ተዋግታለች። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበትኖ ስንቅና ማቋቋሚያ ተሰጥቶታል፤ እንቅልፉን ግን ማን ጠየቀው? ከዚያም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን እርስ በርስ ተዋጋን። እንግዲህ በአንድ ግቢ አባትም ልጅም የጦር ሜዳ ተመላሽ ሊሆኑ ይችላሉ። የየትኛው ወገን ወታደር ነበር ብሎ መመርመር የጎረቤት ሥራ አይደለም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሕክምናውም ጡረታውም የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ጩኸቱን የሚሰማው ጎረቤት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

አንደኛ፦ የቡሄ ጅራፍና የመስቀል ርችት ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለእርሱ ግን ተኩስ ነው። በዓሉ ይቅር አንልም። ልጆቻችን ከደጁ ራቅ ብለው ይጫወቱ፤ ለእርሱም አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛ፦ ዕድር ወርሃዊ መዋጮ አልከፈለም ብሎ ዘማችን ከመሰረዙ በፊት ሽማግሌ ልኮ ቤቱን ይጠይቅ። ከዕድር የወጣ ሰው ከሰው ተራ የወጣ ያህል ይሰማዋል።

ሦስተኛ፦ «እብድ» የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣ። ጤና ጣቢያም ሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ሲሄድ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፤ ብቻውን ከበር የሚመለስ ብዙ ነውና።

አራተኛ፦ ሚስቱንና ልጆቹን አንርሳ። ገበናዋን ሸፍና የምትኖር እናት ቡና ጠጪ ብለን እንጥራት፤ የሚመታት ከሆነ ደግሞ «ታሞ ነው» ብለን ዝም አንበል። ሕመሙ ለዱላ ፈቃድ አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ በጀት አያስፈልግም፤ ጉርብትና ይበቃል። ዘማችን ስንሸኝ ወጥተን ነበር፤ የተመለሰውንም ቤቱ እስኪገባ ድረስ እንሸኘው እንላለን።